ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ማስተማር የጀመርኩበት ትምህርት ቤት አንድ የኮምፒውተር ክፍል ነበረው። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ አጮልቆ ላየ ሰው ኮምፒውተሮቹ በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። ስክሪናቸው ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ተማሪዎች ክፍሉን «ሙዚየም» ይሉት ነበር። ማየት ይቻላል፣ መንካት ክልክል ነው።

የማስተምረው ፊዚክስ ነበር። አንድ ሳምንት ሞገድ ላይ ደረስን። ሞገድን በጠመኔ ማስረዳት ያስቸግራል። ሰሌዳ ላይ የተሣለ ሞገድ አይንቀሳቀስም፤ የማይንቀሳቀስ ሞገድ ደግሞ ጠማማ መስመር ነው። ፍላሽ ላይ አንድ ጥሩ ማሳያ ነበረኝ። ተማሪው ራሱ ድግግሞሹን ከፍ ዝቅ እያደረገ ምን እንደሚሆን ያይበታል። ቁልፉን ልጠይቅ ተነሣሁ።

ዳይሬክተሩ ወደ ምክትላቸው ላኩኝ። ምክትሉ ወደ አይሲቲ አስተማሪው። እሱ ሳቀብኝ። «ቁልፉ እኔ ጋ መስሎህ ነው?» ብሎ ወደ ንብረት ክፍል ጠቆመኝ።

ንብረት ክፍል ያገኘኋቸው ሰው ጡረታቸው የደረሰ አዛውንት ነበሩ። ጥያቄዬን ረጋ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ መዝገባቸውን ገልጠው አንድ ፊርማ አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይቺ የእኔ ፊርማ ናት። ዕቃውን ቆጥሬ የተረከብኩት እኔ ነኝ። አንዱ ቢጎድል፣ አንዱ ቢሰበር፣ ከእኔ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው። አንተ ብታስተምርበት ግን ለእኔ የሚጨመርልኝ ነገር አለ?»

«ጋሼ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ እኮ ነው።»

«አንድ ክፍለ ጊዜም ይሰብራል» አሉኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። ሞገዱንም በጠመኔ አስተማርኩ። ልጆቹ «ገባን» አሉኝ። እንዳልገባቸው እኔም እነሱም እናውቃለን።

አሁን ሳስበው በሰውየው መናደዴ ልክ አልነበረም። ስሌታቸው እንከን የለውም። ኮምፒውተሮቹ አሥር ዓመት ተቆልፎባቸው ቢቀመጡ ማንም እሳቸውን አይጠይቅም። ኦዲተር መጥቶ ይቆጥራል፣ «ሙሉ ነው» ብሎ ይፈርማል፣ ይሄዳል። በሩ ተከፍቶ አንድ ማውዝ ቢጠፋ ግን ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ካልቆለፈ ሞኝ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ ማስተማሩን ትቼ ሌላ ሥራ ይዤ ሳለ፣ አንድ አገር አቀፍ የትምህርት ቴክኖሎጂ ዕቅድ ላይ አስተያየት እንድሰጥ ተጠራሁ። ረቂቁ ወፍራም ነበር። ራዕይ አለው፣ ተልዕኮ አለው፣ እሴቶች አሉት። ሠንጠረዡም አያልቅም። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩትና፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ቁልፍ» የሚለውን ቃል ፈለግኩ። ብዙ ቦታ መጣልኝ! ቁልፍ ተግባራት። ቁልፍ ባለድርሻ አካላት። ቁልፍ የአፈጻጸም አመልካቾች። ሰነዱ ከዳር እስከ ዳር ቁልፍ ነው። ጋሼ ኪስ ውስጥ ስላለው ግን አንድም መስመር አላገኘሁም።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ሰነዱን ያዘጋጁት ሰነፎች አልነበሩም። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጎበዞች ናቸው። ችግሩ አገር አቀፍ ዕቅድ ሲጻፍ ሰው ሳያስበው ወደሚቆጠር ነገር ያዘነብላል። ኮምፒውተር ይቆጠራል። በኢንተርኔት የተገናኘ ትምህርት ቤት ይቆጠራል። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ዜና ይሠራበታል። አንዲት አስተማሪ ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ኮምፒውተሩን ለምን ተጠቀመችበት የሚለው ግን አይቆጠርም፣ አይመረቅምም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም። ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባ ደግሞ በጀት የለውም።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃ በመቁጠር የተሠራ ዕቅድ እስከ ጥግ ሲኬድበት ምን እንደሚሆን ፔሩ አሳይታናለች። በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚባለው የኤምአይቲ (የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ) ሰው «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ላፕቶፑ 100 ዶላር ብቻ እንዲያወጣ ነበር ሐሳቡ፤ ኋላ ዋጋው ወደ እጥፉ ተጠጋ። ፔሩ ከ2008 ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ገዛች። አብዛኞቹን ድሃ ወደሆኑ የገጠር ትምህርት ቤቶች ላከች። ዓላማው የሚያስመሰግን ነው። ቅድሚያ የሰጠችው ለተረሱት ልጆች ነበር።

በ2012 የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ጥናት ውጤት አወጡ። ላፕቶፑ በደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ቁጥር ለአንድ ተማሪ ከ0.12 ወደ 1.18 አድጓል። ማለትም ለስምንት ልጅ አንድ ከነበረው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደርሶ ትርፍም ተገኘ። አመልካቹ ከመቶ በላይ ተሳክቷል። የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ግን ፈቅ አላለም። አጠቃላይ የማሰብ ችሎታን በሚለኩ ፈተናዎች ላይ የተወሰነ መሻሻል ታይቷል፣ እሱን መካድ አይገባም። ኢንተርኔት ያለው ትምህርት ቤት ግን ከስንት አንድ ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ላፕቶፑ ልጁ ቤቱ ይዞት እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ነው። ይዘው የሚሄዱት ግን ከግማሽ በታች ሆነው ተገኙ። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። ቢጠፋ፣ ቢሰበር ማን ይተካዋል? ይህን ሳነብ የእኛ የንብረት ክፍል ጋሼ ትዝ አሉኝ። ፔሩ ገጠር ውስጥም አንድ እሳቸውን የመሰለ ሰው መዝገቡን ገልጦ ፊርማውን ሲያሳይ ታየኝ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ላፕቶፕ፣ ሌላ መንገድ የሄደች አገር አለች። ኡራጓይ። ፕሬዝዳንት ታባሬ ቫስኬዝ በ2007 «ፕላን ሴይባል» የተባለውን የላፕቶፕ ዕደላ ዕቅድ አስጀመሩ። መጀመሪያ የታደለው ቪያ ካርዳል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ2009 መጨረሻ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያለ ልጅ ሁሉ ላፕቶፕ ነበረው። ትንሽ አገር መሆኗ እንደረዳት አይካድም። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሥራውን ሙሉ ቀን የሚሠራ አንድ ራሱን የቻለ ተቋም አቋቋሙለት። ትምህርት ቤቶቹን በኢንተርኔት አገናኙ። ብልሽቱ ሲበዛ፣ በዝቶም ነበር፣ ጥገናውን ራሱን አንድ ትልቅ ሥራ አድርገው ያዙት። ላፕቶፑንም ለልጁ ሰጡት። የትምህርት ቤቱ ንብረት ሳይሆን የልጁ ሆነ። ይቺን ዝርዝር ብዙ ሰው ቸል ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን የዕቅዱ ትልቁ ውሳኔ እሷ ናት እላለሁ። ማንም ፈርሞ ያልተረከበውን ዕቃ ማንም አይቆልፍበትም።

እንደዚያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ የተሠራ ጥናት በሒሳብና በንባብ ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም። በሩ ተከፍቷል፣ ዕቃው ልጁ እጅ ገብቷል፣ ኢንተርኔት አለ። ውጤቱ ግን የለም። ሌላ አገር ቢሆን እንዲህ ሲሆን ወይ ሪፖርቱን ይደብቃል፣ ወይ ፕሮጀክቱን ይዘጋል። እነሱ ግን ጥናቱ ሳይወጣ፣ ገና በ2012፣ አንድ የተለየ ነገር መሞከር ጀምረው ነበር። በአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው አጥሯቸው ነበር። ቋንቋውን የሚችል አስተማሪ ከሩቅ፣ ከሌላ አገር ጭምር፣ በቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ እንዲገባ አደረጉ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እሱ ያስተምራል። የቀሩትን ክፍለ ጊዜዎች የክፍሉ አስተማሪ ራሷ ትይዛለች። እንግሊዝኛ በደንብ ባትችልም ልጆቹን ታውቃለች። ሁለቱ አብረው ያቅዳሉ። ዕቃው ለሁሉም ነገር መፍትሔ መሆኑ ቀረና ለአንድ የታወቀ ክፍተት ዋለ።

እስቲ ቆም ብላችሁ ጥያቄው የት ላይ እንደተለወጠ እዩት። «ስንት ልጅ ላፕቶፕ አለው?» የነበረው «አስተማሪዋ ብቻዋን የማትችለው ምንድን ነው?» ሆነ።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ የሚረሳ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 ፊልም መጽሐፍን ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጣና ትምህርት በአሥር ዓመት ውስጥ ፈጽሞ እንደሚለወጥ ተንብዮ ነበር። መቶ ዓመት አለፈው። መጽሐፉ አሁንም አለ። በ1964 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የአሜሪካ ሳሞዋ አስተዳዳሪ ሬክስ ሊ የደሴቶቹን ትምህርት በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቴሌቪዥን ላይ ጣሉት። ከስቱዲዮ ይተላለፋል፣ በየክፍሉ ያለው አስተማሪ ይከተላል። መጀመሪያ ላይ ዓለም አደነቀው። ውሎ ሲያድር ግን ከፍ ያሉት ክፍሎች ተማሪዎችና አስተማሪዎቹ ራሳቸው ሰለቹት። አሥር ዓመት ሳይሞላው ወደ ተጨማሪ መርጃነት ወረደ።

አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ2004፣ ኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ትምህርት ጀመረች። በፕላዝማ የተማራችሁ ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጥሩ ሥዕል ነበረው። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሙከራ አይቶበታል። ግን እንግሊዝኛው ይፈጥናል። ስርጭቱ ቀጥታ ስለሆነ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። እጅ ብታወጣ አያይህም። አስተማሪው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በተረፈው ዳር ይቆማል። አንድ የሙያ ባልደረባዬ «ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ሰው ቴሌቪዥን አብሪና አጥፊ ሆንኩ» ብሎኛል። እያሳቀ ነበር የነገረኝ። ፊቱ ግን አልሳቀም።

ታዲያ ቴሌቪዥን አይሆንም ማለት ነው? አይደለም። ሜክሲኮ «ቴሌሴኩንዳሪያ» የተባለውን በቴሌቪዥን የሚታገዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ1968 ጀመረች። ዛሬም አለ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪ ይማርበታል። አብዛኞቹ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት አስተማሪ ማሟላት በማይቻልባቸው ትንንሽ የገጠር ቦታዎች ያሉ ልጆች ናቸው። እዚያ አንድ አስተማሪ የአንዱን ክፍል ትምህርት ሁሉ ይይዛል። ስርጭቱና የታተመው መጽሐፍ እሱን ያግዙታል። ከክፍሉ አላስወጡትም። በኒካራጓ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሒሳብ በሬዲዮ ተሰጠ። በሬዲዮ! ሬዲዮኑ ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ልጆቹ ይመልሳሉ፣ ይቀጥላል። አዘጋጆቹም ልጆቹ ያልገባቸውን እያዩ ትምህርቱን ደግመው ይጽፉት ነበር። ሠራ፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ዛሬ ግን ሬዲዮን የሚጠቅስ ዕቅድ ይዞ ስብሰባ የሚገባ ሰው ያሳፍረዋል መሰለኝ። የምንገዛውን ዕቃ ከሚሠራልን ይልቅ ዘመናዊ በሚያስመስለን መምረጥ ክፉ ልማድ ነው።

ሲንጋፖር የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዕቅዷን በ1997 ስታወጣ እሷም ቆጥራለች። ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር፣ 30 በመቶው የትምህርት ጊዜ በቴክኖሎጂ። ነገር ግን አስተማሪዎቹን ያሠለጠነቻቸው ዕቃው ከመጣ በኋላ «ለማለት ያህል» አልነበረም፤ ሥልጠናው የዕቅዱ አካል ነበር። ቀጥሎ በመጡት ዕቅዶችም ትምህርት ቤቶች እንደየሁኔታቸው እንዲወስኑ እየለቀቀች ሄደች። አሜሪካኖቹ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የትምህርት ቴክኖሎጂ ዕቅዳቸውን በ1996 አወጡ። በ2024 ባወጡት ላይ ሦስት ክፍተቶችን ለይተው አስቀመጡ። ዕቃና ኢንተርኔት የማግኘት ክፍተት፣ ዕቃውን ለምን እንጠቀምበታለን የሚለው ክፍተት፣ ሦስተኛው ደግሞ አስተማሪው ትምህርቱን በቴክኖሎጂ አስቦ ለማዘጋጀት ጊዜና ችሎታ የማግኘቱ ክፍተት። ሦስተኛው በግልጽ ስም እስኪያገኝ 28 ዓመት ወሰደ። ብቻ፣ ዘግይቶም ቢሆን መጣ።

የመጀመሪያው ክፍተት ግን ገና ብዙ ቦታ አልተሻገረም። ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ካሉ አራት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ መብራት የለውም። ስለዚህ ኬንያ ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ታብሌት ልታድል ስትነሣ በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ መብራት ማስገባት ነበረባት። ታብሌቱን ብትወዱትም ብትጠሉትም፣ መብራቱ ለትምህርት ቤቶቹ ቀርቶላቸዋል።

ያው ሪፖርት ሌላም ነገር ይላል። የትምህርት ቴክኖሎጂ ምርቶች በአማካይ በየ36 ወሩ ይለወጣሉ። አገር አቀፍ ዕቅድ ደግሞ የአምስት ዓመት ነው፤ ተረቅቆ እስኪጸድቅ ያለውን ጊዜ ሳንቆጥር። ዕቅዱ የዕቃውን ዓይነት ስም ጠርቶ ከጻፈ ገና ሳይጸድቅ ያረጃል። ደቡብ ኮሪያ በመጋቢት 2025 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ዲጂታል መማሪያ መጽሐፍ አስገባች። በነሐሴ ምክር ቤቷ «መማሪያ መጽሐፍ» የሚለውን ማዕረግ ነጥቆ ተጨማሪ መርጃ አደረገው። አንድ ሴሚስተር! ስዊድንም በ2023፣ ተዘጋጅቶላት የነበረውን አዲስ የዲጂታል ስትራቴጂ ትታ፣ ለታተሙ መጻሕፍት መግዣ 685 ሚሊዮን ክሮኖር መደበች። እኔ በስዊድን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ግን አስቡት፣ እነዚህ ሁለቱ ገንዘብም ባለሙያም የሞላቸው አገሮች ናቸው። እነሱ እንዲህ ከተወዛወዙ፣ አንድ ጊዜ ገዝቶ አሥር ዓመት ሊገለገልበት የሚያስብ አገር ምን ይሁን?

ወደ ረቂቁ ልመለስ። አስተያየቴን ጻፍኩ። አስተማሪ አዲሱን ዕቃ የሚለማመድበት ሰዓት በሳምንታዊ ፕሮግራሙ ላይ ይታይለት አልኩ፤ ቅዳሜን ወስዳችሁ «ሥልጠና» አትበሉት። ለግዢ ከተመደበው ገንዘብ የተወሰነው ገና ከመነሻው ለጥገና ይለይ አልኩ። ከአመልካቾቹ መሃል «የተገዙ» የሚለው ወጥቶ «ባለፈው ሳምንት የተከፈቱ» የሚለው ይግባ አልኩ። በመጨረሻ ደግሞ፣ በቀይ አስምሬ፣ «በትምህርት ሰዓት፣ ለትምህርት ሲውል የተሰበረ ዕቃ ከማንም ደሞዝ አይቆረጥም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር ብዬ ለመንኩ።

ስብሰባው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሐሳቦች «ጥሩ ነው፣ ይታያል» ተባሉ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ እኮ የፋይናንስ ጉዳይ ነው፣ የትምህርት አይደለም።»

«ኮምፒውተሩ የተቆለፈው ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው» አልኩ።

ተሳቀ። ወደ ሻይ እረፍት ወጣን። አንዲት ከፋይናንስ የመጣች ሴት ተከትላኝ መጥታ «እውነትህን ነው፣ ግን ይቺን ዓረፍተ ነገር ብንጽፋት አገሩ ሁሉ 'በትምህርት ሰዓት ተሰበረ' ይላል» አለችኝ። እሷም ልክ ናት። አንዳንዱ ይዋሻል። እኔ ግን እየተጠቀሙበት የተሰበረ ሃያ ኮምፒውተር፣ ላስቲኩ ካልተላጠ ሃምሳ ይሻለኛል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። መስማማት ይሁን ትዕግሥት ማለቅ አልገባኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጸደቀው ሰነድ ደረሰኝ። ገና ሳልቀመጥ ገለጥኩት። ሐሳቤ አልተጣለም። ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ፣ ቁልፍ ተግባራት ከሚለው ርዕስ ሥር፣ አንድ መስመር ሆኖ ገብቷል። «ተገቢ የንብረት አያያዝና ቁጥጥር ሥርዓት ይዘረጋል» ይላል።

ይህ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲወርድ፣ ጋሼ ጡረታ ወጥተው የተተካው ሰው ሲያነበው ታየኝ። መነሣቱ አይቀርም። ሁለተኛ ጓጉንቸር ሊገዛ።